መጥፎ ወሬ ቶሎ የሚደርሰው አለቃ

ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጎበዝ የስፌት ማሽን ኦፕሬተር የነበረ ሰው “ከነገ ጀምሮ ላይኑን አንተ ያዝ” ሲባል፣ ማለትም ልብስ ከወንበር ወደ ወንበር እየተላለፈ የሚሰፋበት ረድፍ ሲሰጠው፣ የመጀመሪያ ሳምንት ጥፋቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሥራ ሲከመር ራሱ ማሽን ላይ ይቀመጣል። እኔም በዚሁ አልፌያለሁ። እጁ ፈጣን ነውና የተከመረውን በግማሽ ሰዓት ያቃልለዋል፤ ያየውም “ጀግና ነው” ይላል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ግን ላይኑን የሚያይ ዓይን የለም። ሦስተኛው ወንበር ላይ ክር ይበጣጠሳል፣ አሥራ አንደኛው ላይ እጅጌ ተገልብጦ ይሰፋል፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ልጅ ሥራ አጥታ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ አለቃው አቀርቅሮ ይሰፋል።

ይህን የምጽፈው በሐዋሳ፣ በቦሌ ለሚ፣ በአዳማ ወይም በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ የስፌት ላይን ለተረከባችሁ አዲስ ሱፐርቫይዘሮች ነው። ቢሮ ውስጥ ሰው የምታስተዳድሩም ብዙውን ትጠቀሙበታላችሁ፤ ስፌት ላይ ግን የአለቃ ስህተት በሰዓቱ በቁጥር ስለሚወጣ ለመማር ይመቻል። ብዙ ከተላላጥኩ በኋላ የገባኝ፣ ጎበዝ አለቃ ማለት መጥፎ ወሬ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ሰው መሆኑ ነው። መርፌ ተሰበረ፣ ኮሌታው ጠመመ፣ ሁለት ዓይነት ቀለም ተቀላቀለ፣ ነገ አልመጣም የሚለውን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከሰማችሁት ትንሽ ነገር ነው። ከምሳ በኋላ ከሰማችሁት ወደ 300 የተበላሸ ፒስ (ልብስ) ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ላይኑን በተረከባችሁበት ቀን የምትሠሩት ልብስ ኤስኤምቪ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ይህም አንድ ልብስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚፈጀው መደበኛ ደቂቃ ነው። 12 ደቂቃ የሆነ ፖሎ ቲሸርት 24 ኦፕሬተር ይዛችሁ ትሠራላችሁ እንበል። 24 ሰው በአንድ ሰዓት 1,440 ደቂቃ ይሰጣል፤ ለ12 ሲካፈል 120 ልብስ ይሆናል። ይህ የወረቀቱ መቶ በመቶ ነው። ላይናችሁ 60 በመቶ ላይ ከሆነ በሰዓት 72 ታወጣላችሁ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ወንበር በ50 ሰከንድ አንድ ፒስ ማሳለፍ አለበት። አንዷ ልጅ በ63 ሰከንድ የምታሳልፍ ከሆነ ላይኑ የሚያወጣው 57 ነው። ሌሎቹ 23 እየሮጡ ቢሰፉም 57 ነው። በስምንት ሰዓት 120 ልብስ ጎደለ ማለት ነው።

ጩኸት የማያዋጣው ለዚህ ነው። ጩኸቱ ለሃያ አራቱም ይደርሳል፤ ችግሩ ያለው አንድ ወንበር ላይ ነው።

ያቺን ወንበር ለማግኘት ኮምፒውተር አያስፈልግም። ጠዋት ሥራ ከጀመረ አንድ ሰዓት ቆይቶ ላይኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። ከፊቷ ሥራ የተከመረባት፣ ከእሷ ቀጥላ ያለችው ደግሞ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችበት ቦታ ካለ ሥራውን የሚያዘገየው ማነቆ እዚያ ነው። ከዚያ በስልካችሁ ሰዓት አሥር ፒስ ለኩ። ክር የተበጠሰበትን ወይም ሰው ያናገራትን አውጡና የቀረውን አማካዩን ያዙ፤ ለድካምና ለክር መቀየሪያ 15 በመቶ ጨምሩበት። አማካዩ 55 ሰከንድ ከሆነ ከጭማሪው ጋር 63 ይመጣል። አደራችሁን ከጀርባዋ ቆማችሁ ተደብቃችሁ አትለኩ። በፍርሃት ትፈጥናለች ወይም በንዴት ትቀንሳለች፣ ቁጥራችሁም የውሸት ይሆናል። “እዚህ ጋ ሥራው ይከመርብሻል፣ የት ጋ እንደሚያስቸግርሽ አብረን እንይ” ብሎ ነግሮ ከጎኗ መቀመጥ ይሻላል።

መቀመጥ ስል ወንበር ስቦ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ ማየት ማለቴ ነው። ኮሌታ የምትገጥም ልጅ አስቡ። ቀኝ እጇ ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ ከካርቶኑ ውስጥ የቲሸርቱን አካል ያወጣል፣ ሌላው ላይ ተጠላልፎ ስለሚመጣ አንድ ጊዜ ታራግፈዋለች፣ ከዚያ ትሰፋለች፣ መቀሱን ከጭኗ ላይ አንስታ ክር ትቆርጣለች፣ መቀሱን መልሳ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። ስፌቱ ራሱ ፈጣን ነው። ማጎንበሱና ማራገፉ ብቻውን ወደ 9 ሰከንድ ይበላል። ካርቶኑን በሳጥን ደግፋችሁ ወደ ጠረጴዛዋ ቁመት ብታነሱት፣ ከእሷ በፊት ያለችውም ልብሱን በአንድ አቅጣጫ ደርባ እንድታስቀምጥ ብትነግሯት፣ 55ቱ ሰከንድ 46 ይሆናል፤ ከ15 በመቶው ጋር 53። በሰዓት ከ57 ወደ 68 ወጣችሁ። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም ከበፊቱ በላይ አልደከመም፤ እንዲያውም ወገቧ አረፈ። የቀረችውን አራት ፒስ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ማነቆ ላይ ታገኟታላችሁ፤ አንዱ ሲፈታ ማነቆው ወደ ሌላ ወንበር ይዛወራልና።

አብዛኛው አዲስ አለቃ የሚወድቀው በየሰዓቱ የወጣው ልብስ የሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው አምስት ዓምድ አለው፤ ሰዓት፣ ዕቅድ፣ የተሠራ፣ ልዩነት፣ ምክንያት። ሰው ሁሉ የሚያፈጠው ልዩነቱ ላይ ነው። ለእኔ የሰሌዳው ነፍስ መጨረሻው ዓምድ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ የሚቆጣ አለቃ ባለበት ላይን ምክንያት የሚለው ቦታ በሙሉ “ማሽን” ይላል፤ ማሽን አፍ የለውም፣ አይከራከርም። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ካያችሁ ሜካኒኩ ሳይሆን አለቃው ነው የሚፈራው ማለት ነው። ምክንያት ብላችሁ የምትቀበሉት አንድ ሰው ሄዶ ሊያስተካክለው የሚችለውን ብቻ ይሁን። “ማሽን ተበላሸ” ምክንያት አይደለም። “ሦስተኛው ኦቨርሎክ ማሽን የታች ሉፐር ክር ይበጥሳል፣ ሜካኒክ ከ3፡20 ተጠርቶ 3፡45 መጣ” ምክንያት ነው፤ ከሜካኒክ ክፍሉ ጋር የምትነጋገሩበት 25 ደቂቃ በእጃችሁ አለ።

ጥራት ላይም ያው ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ብዙ ፋብሪካ በቀን ጥቂት ዙር እየዞረ ከእያንዳንዷ ኦፕሬተር ሰባት ፒስ አንስቶ ያያል፤ ሁሉም ደህና ከሆነ አረንጓዴ ካርድ፣ አንድ ስህተት ከተገኘ ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ቀይ ማሽኗ ላይ ይሰቀላል። አሠራሩ ጥሩ ነው። ቀይ የተሰቀለባትን ልጅ በሰው ፊት የሚያዋርድ አለቃ ካለ ግን በሚቀጥለው ዙር የተበላሸው ልብስ ከጥቅሉ መሃል ይገባል። ልጅቷ ተንኮለኛ ሆና አይደለም። ማንም ሰው ያደርገዋል።

የተደበቀው የት እንደሚወጣ ልንገራችሁ። 3,000 ፒስ ትዕዛዝ አልቆ በካርቶን ሲታሸግ የባየሩ፣ የልብሱ ገዢ፣ ኢንስፔክተር ይመጣል። በተለመደው 2.5 ኤኪውኤል በሚባለው፣ ስንት ስህተት እንደሚታለፍ በሚወስነው መለኪያ 125 ፒስ ያስወጣል። እስከ 7 ከባድ ስህተት ካገኘ ያልፋል፤ 8 ካገኘ ጠቅላላው ይወድቃል፣ 3,000ውም ከካርቶን ወጥቶ አንድ በአንድ ይታያል። ላይኑ ላይ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጥገና የሁለት ቀን ትርፍ ሰዓትና የዘገየ መርከብ ይሆናል።

ስለዚህ ቀይ ካርድ ሲወጣ ከአፋችሁ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ይወስናል። “ምን ሆነሽ ነው?” ካላችሁ ወሬው እዚያው ሞተ። “ቆይ፣ ማሽኑን አብረን እንየው” በሉ። ከዚያ በቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ መርፌው፤ ጫፉ ደንዝዟል ወይ፣ ለሹራብ ጨርቅ የሚሆነው ጫፈ ድቡልቡል ነው ወይ? ደነዝ ወይም ሹል መርፌ ስስ ጨርቅ ላይ ቀዳዳ የሚያወጣው ከታጠበ በኋላ ስለሆነ ያኔ ላታዩት ትችላላችሁ። ቀጥሎ የክሩ ውጥረት፣ ቀጥሎ ጨርቁን የሚመራው ብረት ተነቅንቆ እንደሆነ፣ ቀጥሎ ከእሷ በፊት የመጣው አካል በትክክል የተቆረጠ መሆኑ። የልጅቷ እጅ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ካለፈው አረንጓዴ ካርድ ወዲህ የወጣውን ሥራ ሁሉ መልሳችሁ እዩ፤ ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፣ ጥፋቱ የሚያመልጠውም እዚህ ላይ ነው። ጥገናውን ራሷ ትሥራ፣ በምሳ ሰዓቷ ግን አይሁን።

የተሰበረ መርፌም እንዲሁ። የፋብሪካው ደንብ ግልጽ ነው፤ የስብርባሪው ቁራጭ ሁሉ ተገኝቶ መዝገቡ ላይ በፕላስተር ሳይለጠፍ አዲስ መርፌ አይሰጥም። አንዲት ቁራጭ ከጠፋች በዙሪያው ያለው ልብስ ተለይቶ በብረት መፈተሻ ማሽን ያልፋል። አሁን መርፌ በሰበረች ቁጥር የሚጮህባት ወይም ደመወዝ የሚቆረጥባት ልጅ ምን ታደርጋለች? ትርፍ መርፌ ኪሷ ውስጥ ትይዛለች። ቁራጩ የሕፃን ልብስ ውስጥ ሊቀር ይችላል። መርፌ የሰበረችን ልጅ እጇን አንስታ ስለተናገረች አመስግኗት፤ በሰው ፊት አመስግኗት።

ቶዮታ ፋብሪካዎቹ ውስጥ ሠራተኛ ችግር ሲያይ የሚስበው ገመድ የተዘረጋው ለዚሁ ነው፤ ገመዱ ሲሳብ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፣ ተቆጥቶ አይመጣም። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች አሠራርን በየጊዜው የማሻሻል ዘዴ እኛ ዘንድ በጃፓን የትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ 30 ድርጅቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። ብዙ ቦታ ግን ከሁሉም የቀረው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው፣ የሥራ ቦታን ስለ ማስተካከል የሚናገረው የአምስቱ ማዎች ፖስተር ነው። ፖስተሩን ማንም ይለጥፋል፤ ገመዱ ግን አለቃው ሲጠራ የማይቆጣ ካልሆነ በቀር የተንጠለጠለ ክር ነው።

ወደ ሰዎቹ ልምጣ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፏል፤ ሐዋሳ ውስጥም ፋብሪካዎች በአማካይ በዓመት ሠራተኛቸውን በሙሉ የሚተኩ ያህል ሰው ይለቅባቸው ነበር። ደመወዝ መጨመር በሱፐርቫይዘር እጅ አይደለም። የሠራችው እንዳይጠፋባት ማድረግ ግን በእጃችሁ ነው። አንድ ደብተር ግዙና የእያንዳንዷን ትርፍ ሰዓት በየቀኑ ጻፉ፣ አስፈርሙ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው የመደበኛው ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል ይከፈላል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለትርፍ ሰዓትም ለሌሊት ሥራም አትመደብም። ደመወዝ በወጣ ማግሥት አንዷ “እትዬ፣ ስድስት ሰዓት ጎድሎብኛል” ስትላችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ሰው ኃይል አስተዳደር ሂዱላት። አንድ ጊዜ ብቻ ብታደርጉት ሃያ አራቱም ይሰማሉ።

አዲስ ገቢን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ቀን ባዶ ቦታ መሙያ አታድርጓት። ማነቆ የሆነ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ላይኑ ሁሉ ያፈጥባታል፣ በሦስተኛው ቀን አትመጣም። መጀመሪያ ክር በሌለው መርፌ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ትስፋ፤ ፔዳል መቆጣጠር የሚለመደው እንዲህ ነው። ቀጥሎ ቀጥ ያለ አጭር ስፌት፣ ቀጥሎ ቀላል ኦፕሬሽን፣ ማለትም አንድ ወንበር ላይ የሚሠራ የስፌት ሥራ። እኔ የምሰጠው ዒላማ በመጀመሪያው ሳምንት ሩብ፣ በሁለተኛው 40 በመቶ፣ በወሩ መጨረሻ 60 በመቶ ነው። ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ብቻ የምትችል ከሆነች ቋንቋዋን የምትናገር ልጅ ከጎኗ አስቀምጡ፤ “ገባሽ?” ብላችሁ “አዎ” ስትል አትመኑ፣ እጇ ይመልስ። ስሟንም በመጀመሪያው ቀን ያዙት። “አንቺ ባለ ሰማያዊዋ” እየተባለ የሚጠራ ሰው መጥፎ ወሬ አያመጣላችሁም።

ከሥራ የሚቀር ሰው የሁሉም ላይን ራስ ምታት ነው። አንድ ወረቀት ላይ በቁመት ስም፣ በአግድም ኦፕሬሽን ጻፉና ማን ምን እንደምትችል ምልክት አድርጉ። አንዲት ልጅ ብቻ የምትችለው ኦፕሬሽን ካለ በዚህ ሳምንት ሁለተኛ ሰው አሠልጥኑ፣ በሚቀጥለው ሦስተኛ። ለ24 ወንበር ሁለት ተዘዋዋሪ ኦፕሬተር ካልተሰጣችሁ ለምኑ፣ ተከራከሩ። በዓላቱንም በቀን መቁጠሪያችሁ ጻፉ፤ መስቀል፣ የወላይታ ጊፋታ፣ ፋሲካ፣ አረፋ። የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ ቀኑ ኮከብ በሚያዩ አዋቂዎች ስለሚወሰን አስቀድማችሁ የምትሰሙት ከሲዳማ ልጆች ብቻ ነው። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ወረቀት አዙሩ፣ እያንዳንዷ የምትመለስበትን ቀን ትጻፍ። ስትጽፍ ካልተቆጣችሁ እውነቱን ትጽፋለች።

በሑዳዴ 55 ቀን ውስጥ እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱ አሉ፤ የ6 ሰዓቱ ምሳ ለእነሱ ምሳ አይደለም። ከባዱን ሥራ ጠዋት ላይ አድርጉ፣ 9 ሰዓት ላይ አጭር ዕረፍት እንዲኖራቸው አስፈቅዱ። በረመዳንም እንዲሁ አስቡ። የዞረባት ልጅ ጣቷን መርፌ ስር ስታስገባ ከምታዩ አሥራ አምስት ደቂቃ ብትከስሩ ይሻላል።

ቅጣት ላይ ብዙዎች ራሳቸውን ያቃጥላሉ። “ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ” የሚል ቃል ከሱፐርቫይዘር አፍ መውጣት የለበትም። ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ወዲያው ማሰናበትን የሚፈቅደው ለምሳሌ በጽሑፍ እየተነገራት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ካረፈደች ወይም በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት ከቀረች ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከወረቀቱ በፊት ግን ለብቻዋ አነጋግሯት፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሰርቪሱ ሰፈሯ ድረስ እንደማይገባ ወይም የተከራየችበት ቤት በር በጊዜ እንደማይከፈት ነው።

ትናንት አብረዋችሁ ቡና ይጠጡ የነበሩ ጓደኞቻችሁም አሉ። ፈቃድ የሰጣችሁት ለማን እንደሆነ ሁሉም የሚያየው ዝርዝር ይለጠፍ፤ አስቸጋሪው ኦፕሬሽን በየሳምንቱ ይዙር። ያኔ ማንም “ለጓደኞቿ ታደላለች” አይላችሁም፤ ቢልም ማስረጃው ግድግዳው ላይ አለ።

ወደ ላይ የሚሄደው ወሬም ቶሎ መሄድ አለበት። የምርት ኃላፊው ፈረንጅም ሆነ ሐበሻ “ከነገ ጀምሮ 85” ሲል “እሺ” ብላችሁ ወጥታችሁ ልጆቹ ላይ አትዝነቡ። “አይቻልም” ማለትም አይጠቅምም። 85 ማለት በ42 ሰከንድ አንድ ፒስ ነው። ከ42 ሰከንድ በላይ የሚፈጁትን ወንበሮች ዘርዝራችሁ ሂዱ፤ “እነዚህ አራቱ ናቸው፣ ኮሌታው ላይ አንድ ማሽን፣ ቁልፍ ቀዳዳው ላይ አንድ ሰው ከጨመርክልኝ 85 ይደርሳል፤ ካልጨመርክልኝ 70 ነው” በሉት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ። በዚህ መንገድ ስትጀምሩ በሁለተኛው ሳምንት የቀይ ካርድ ቁጥር ይጨምራል፤ የተሰበረ መርፌ መዝገቡም ይሞላል። ጥፋት በዝቶ አይደለም፤ መደበቅ ቀርቶ ነው። ኃላፊው ይጠራችኋል፣ “ላይንህ ምን ነካው?” ይላል። ያን ቀን ሁለት ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ይዛችሁ ግቡ፤ በግራ በኩል ላይን ላይ የተያዘው ስህተት፣ በቀኝ በኩል የመጨረሻው ፍተሻ ላይ የተገኘው። ግራው ሲወጣ ቀኙ ሲወርድ በጣታችሁ አሳዩትና ሌላ ሦስት ሳምንት ጠይቁት።